ከሰው የሚሸሹ ዳክዬዎችን ስለ ማላመድ

ከደብረ ብርሃን ገበያ የገዟቸው ዳክዬዎች ገና ሲያዩዎት ወደ አጥሩ ጥግ እየሸሹ ስላስቸገሩዎት መፍትሔውን ጠይቀዋል። የዳክዬ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ስለዚህ ከኋላ አድፍጠው ሊይዙት ቢሞክሩ፣ ይልቁንም እጅዎን ከላይ ቢዘረጉበት፣ ጭልፊት እንደወረደበት ያህል ይደነግጣል። ማባረሩንና በእግሩ መያዙን ፈጽመው ይተዉ። ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት መኖውን ይዘው ይግቡና፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጎንዎን ሰጥተው፣ በለሰለሰ ድምፅ እያነጋገሯቸው ይቀመጡ፤ መኖውን መጀመሪያ ራቅ አድርገው አስቀምጠው፣ በኋላም እንደ ድፍረታቸው መጠን ወደ ራስዎ እያቀረቡት ቢሄዱ፣ ውለው አድረው ከእጅዎ መልቀም ይጀምራሉ። ለዚህ ቅቅል አተር ከሁሉ ይሻላል (ዳቦ ግን አይጠቅማቸውም)። መኖውን የሚውጡት በውኃ እያወራረዱ ስለሆነ፣ ጭንቅላታቸውን የሚነክሩበት ሳፋ አጠገቡ ይኑር፤ በኅዳር ውርጭ ውኃው በረዶ ሆኖ ሊያድር ስለሚችል ጠዋት ይለውጡት። ሌሊት ሸለምጥማጥ የሚያሸብራቸው ከሆነ የቀኑ ልፋት ከንቱ ነውና ማደሪያቸውን አጥብቀው ይዝጉ። ካደጉ በኋላ የተገዙ በመሆናቸው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ መታቀፍን ጨርሶ የማይወዱም አሉ።