ከጮቄ የመጣው ጥቁር ድንጋይ ስለ ማንትል ምን ይናገራል?

መምህር፣ ጥያቄዎ «ከጮቄ ያመጣነው ጥቁር ድንጋይ ቢመረመር ማንትል ከምን እንደተሠራ ያሳያል ወይ?» የሚል ነው። ያሳያል፤ ግን በተዘዋዋሪ ነው። ማንትል ማለት ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር ነው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከማንትሉ ጥቂቱ ቀልጦ የወጣ ጭማቂ እንጂ ማንትሉ ራሱ አይደለም። ጠላውን ቀምሶ ጥንስሱን እንደመገመት ይቁጠሩት። ማንትል ውስጥ ማግኒዥየም ኦክሳይድ 38 በመቶ ገደማ ሲሆን ባዛልት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው።

ማንትሉን በእጅ መንካት ከፈለጉ እንጅባራ ይሻላል። በዚያ አካባቢ ያለው ወጣት ላቫ ከማንትል የተገነጠለ ድንጋይ ይዞ ወጥቷል። ጥቁሩን ሲፈልጡት መሐሉ ላይ እንደ ሻካራ ስኳር የተሰባሰበ አረንጓዴ ፍሬ ያያሉ። ቢጫ አረንጓዴው ኦሊቪን ነው፤ ደማቅ አረንጓዴው ክሊኖፓይሮክሲን፣ ቡናማው ኦርቶፓይሮክሲን፣ ጥቁሯ ነጥብ ስፒኔል። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዳንዶቹ አምፊቦል የሚባል ውሃ ያዘለ ማዕድን አለባቸው፤ በማዕድናቱ ውስጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ታስሮ ተገኝቷል። ከጎጃም ሥር ያለው ማንትል ጨዋማ ፈሳሽ ነክቶታል ማለት ነው።

የጮቄውን ላስመርምር ካሉ ግን ዋናው ጠላት ብስባሽ ነው፤ ድንጋዩ በአየርና በውሃ ይለወጣል። ላቫው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለውና ከእርሻ ማሳ የተለቀመ ድንጋይ ዋጋ የለውም። ወንዝ ከቆረጠው ገደል ወይም ከድንጋይ ካባ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይውሰዱ፤ ቡናማውን ልጣጭ እስኪያልቅ ይቅረፉት። ቀዳዳው በነጭ ነገር የተሞላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የገቡ ማዕድናት፣ ዚዮላይት ወይም ካልሳይት፣ ናቸው፤ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርገው ቢፈላ ካልሳይት ነውና ይጣሉት። አሲዱ ዚዮላይትን እንደማይገልጥ ግን አይርሱ። ሲፈጭ አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ወፍጮ ይሁን። የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ኮባልትና ታንታለም ይጨምርበታል፣ ያን ጊዜ የሚያነቡት የወፍጮውን ኬሚስትሪ ነው!

ውጤቱ ሲመጣ በመጀመሪያ ሲቃጠል የጠፋውን ክብደት ይዩ። ከ2 በመቶ ካለፈ ድንጋዩ ሳይበሰብስ አልቀረምና ፖታሲየምን፣ ሩቢዲየምንና ባሪየምን አይመኑ፤ ቲታኒየም፣ ዚርኮኒየምና ናዮቢየም ግን በቀላሉ አይታጠቡም። ቀጥሎ ናዮቢየም ለዩራኒየም፣ ማለትም የናዮቢየም መጠን በዩራኒየም መጠን ሲካፈል። በውቅያኖስ ባዛልቶች 47 ገደማ ነው፤ በጣም ዝቅ ካለ ላቫው ሲወጣ የምድር ቅርፊትን በልቷል፣ ማንትልን አያወሩበት። ላንታነም ለይተርቢየም ከፍ ሲል ብዙ ሰው «ጥልቅ ነው» ብሎ ይቸኩላል። ጋርኔት የሚባለው የጥልቅ ማንትል ማዕድን ይተርቢየምን ስለሚይዝ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥቂት ብቻ የቀለጠ ማንትልም ያንኑ ያሳያል። ስለዚህ ዲስፕሮሲየም ለይተርቢየምንም አብረው ይዩ፤ እሱም ከፍ ካለ የጋርኔቱ ምልክት ይጠነክራል።

የእንጅባራውን አረንጓዴ ድንጋይ ግን ጡጫ የማያክል ከሆነ አያስፈጩት። ፍሬው ሻካራ ስለሆነ ትንሽ ቁራጭ ሙሉውን አይወክልም። ላቫው የነካውን ጠርዝ ወደ 1 ሴንቲሜትር ቆርጠው ጥለው፣ ከመሐሉ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ ቁራጭ አሠርተው እያንዳንዱን ማዕድን ለየብቻ ያስመርምሩ።