ከልብ ቀዶ ሕክምና በፊት ጥርስን መታየት ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ሴት ነኝ። በልጅነቴ የያዘኝ የሩማቲክ ትኩሳት የልቤን ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን በር) ስለጎዳው በሰው ሠራሽ ሊቀየር ነው። ሐኪሜ አስቀድሜ ጥርሴን እንድታይ ያዘዙኝ ለምንድን ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እኅታችን፣ ከተበላሸ ጥርስና ከቆሰለ ድድ የሚነሡ ባክቴሪያዎች በደም ተጉዘው አዲሱ ቫልቭ ላይ በማረፍ ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ የሚነቀለው ተነቅሎ፣ የሚሞላውም ተሞልቶ መግባት ይገባል።

ከዚህ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ያልጠየቁን ጉዳይ ነው፦ መውለድ የሚያስቡ ከሆነ ከአሁኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መውሰድ ስላለበትና መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የቫልቩ ዓይነት (ከብረት ወይስ ከእንስሳት ሕብረ ሕዋስ የተሠራ) ሲመረጥ ይህ መታወቅ አለበት። ዋርፋሪን የደም ምርመራን ዘወትር ስለሚጠይቅ፣ ይህ ምርመራ በቅርብዎ፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር፣ የት እንደሚሠራ ለቀዶ ሕክምናው ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ።