ቅጠሉን ከነአበባው ቁረጪ

እህቴ፣ «ለማስተርስ መመረቂያዬ በወሎ የመድኃኒት ዕፅዋት ደህንነት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ አማካሪዬ ርዕስ አምጪ ብሎኛል፤ ከየት ልጀምር? ፈቃድስ ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከስር ሃያ ሰው «በርቺ» ብሎሽ አልፏል። በርቺ ብቻውን ቅጠል አያደርቅም። እኔ እዚሁ ደሴ ፋርማኮሎጂ ተምሬ ጨርሻለሁ። በሁለት ዓመት ማለቅ የነበረበት ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ትንሽ ሲቀረው ነው ያለቀው። ያውም በአንድ ስህተት። እሱን ልንገርሽና አንቺ ተርፈሽ እለፊ።

ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። አንቺም እንደኔ ቀን ፋርማሲ ቆመሽ፣ ማታ ወደ ላብራቶሪ የምትሮጪ፣ ቅጠሉ የሚዘፈዘፍበትን አልኮል፣ ሜታኖሉንም፣ ከደሞዝሽ የምትገዢ ይመስለኛል። ካልሆነ እድለኛ ነሽ።

1. ርዕስሽ ጥሩ ነው፤ ማንም አያስቀይርሽ። እኛ ጋ ሁሉም የሚጽፈው «ባክቴሪያ ይገድላል»፣ «ተቅማጥ ያቆማል» ነው። «ይጎዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ሁለት አንቀጽ ይሰጠዋል። ሰዉም «የተፈጥሮ ነገር ምን ያደርጋል» ይላል። ኮሶ የተፈጥሮ ነው፤ መጠኑ ካለፈ ግን ዓይን ያጠፋል። የኛው አሜጃ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ተክል አለ። ፈረንጆቹ ለድብርት ይወስዱታል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን አቅም ያሳጣል። እኔ ፋርማሲ ላይ ቆሜ «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ስል «የለም» ትለኛለች። ቦርሳዋ ውስጥ ግን በላስቲክ የታሰረ ዱቄት አለ። እሱን መድኃኒት ብላ አትቆጥረውም። ስለዚህ ጥያቄሽ ትክክል ነው።

2. የአይጥ ነገር። የእንስሳት ኤቲክስ ደብዳቤ፣ ማለት በእንስሳት ላይ ለመሞከር የሚሰጠው የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ሳይወጣ አንዲት አይጥ እንዳትነኪ። አፍ ለአፍ «ይቻላል» የሚልሽን አትመኚ፤ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ያዢ። ለመጀመሪያው የመርዛማነት ምርመራ ሁሉም የሚከተለው ኦኢሲዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣውን ቁጥር 425 መመሪያ ነው። 2000 ሚሊግራም በኪሎ፣ አምስት ሴት አይጦች። መጀመሪያ ለአንዷ ትሰጫለሽ። ከተረፈች ለቀሩት አራት ተራ በተራ። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊግራም ማለት ነው። በ0.25 ሚሊሊትር በጥብጠሽ ጫፉ ድቡልቡል በሆነው መርፌ በአፏ ወደ ሆዷ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዓታት ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ከዚያ 14 ቀን በየቀኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አይጧ አልሞተችም ማለት ቅጠሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ተወስዶ ወዲያው አይገድልም ማለት ብቻ ነው። ሰው ለወራት የሚወስደው ነገር ከሆነ የ28 ቀኑ አለ፣ ቁጥር 407። የ90 ቀኑ አለ፣ 408። የሚቀባ ከሆነ ደግሞ ቆዳ መለብለቡን በጥንቸል የሚያዩበት 404 አለ። በጊዜሽና በኪስሽ ልክ ምረጪ። ግን የ14 ቀን ሥራ ሠርተሽ «ፍጹም ደህና ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ።

የደሴን ብርድ ደግሞ አትርሺ። መመሪያው የአይጥ ክፍል 22 ዲግሪ፣ ሲበዛ ሲያንስ በ3 ይላል። እኔ አንድ ሌሊት ቴርሞሜትር አስቀምጬ ንጋት ላይ ሳየው 13 ይላል። አይጦቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው ኳስ መስለዋል። በብርድ የሞተችን አይጥ በቅጠልሽ የሞተች ብለሽ ልትመዘግቢ ትችያለሽ።

3. ተክሉን ማስለየት። ይሄ ነው እኔን የበላኝ።

እኔ የመረጥኩት አዞ ሐረግን ነው። ለቁስል ይጠቀሙበታል። ግንቦት ላይ ወደ ኩታበር ወጥቼ አንድ መድኃኒት አዋቂ አባት ጋ ሄድኩ። የኛን አገር ታውቂው የለ፣ ቡና ሳይፈላ ስለ ቅጠል አይወራም። አቦሉን ጠጣን። ቶናውን ጠጣን። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው «ለአይጥ ልትሰጠው?» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። ቀጥለው ግን አንድ ነገር አሉኝ። «አዞ ሐረግ ሁለት ነው ልጄ። ወንዴና ሴቴ አለው። አንዱ ጠጉራም ነው፣ አንዱ ለስላሳ። አሁን አይለይልህም። አበባ ሲያወጣ ና። እርጥቡንም በእጅህ እንዳትነካው፣ እሳት ነው።»

እኔ «እሺ አባባ» አልኩ። አልሰማሁም ማለት ነው። የተማርኩት እኔ ነኝ! ፕሮፖዛሌ ላይ የጻፍኩት ቀን ደግሞ እያለፈ ነው። ስመለስ መንገድ ዳር አጥር ላይ የተንዠረገገውን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቆረጥኩ። በባዶ እጄ። እየጠቀጠቅኩ።

ማታ እጄ መለብለብ ጀመረ። ጧት ስነሳ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ውኃ ቋጥሯል። የፈላ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። በኋላ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የዚህ ቤተሰብ ዕፅዋት እርጥብ ቅጠላቸው ሲጨፈለቅ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ያወጣሉ። ሲደርቁ ግን ወደ ሌላ፣ ወደማያቃጥል ነገር ይለወጣል። ለካ አባባ ቅጠሉን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው የሚቀቡት በከንቱ አይደለም። እኔ ያንን «ባህላዊ አዘገጃጀት» ብዬ በአንድ መስመር ነበር ያለፍኩት። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን መድኃኒት ያገኘችው እኮ እንዲህ ዓይነቱን መስመር ደግማ ስላነበበች ነው። የጥንቱ ጽሑፍ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጨምቅ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። ሙቀቱ ነው ያበላሸው ብላ ኤተር በሚባል ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ በ1971 በፈረንጆቹ። እዚያው በፈረንጆቹ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እኔ ከአባባ ቃል የተረፈኝ የክንድ ቁስል ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቅጠሉን ደሴ ለማድረቅ ሞከርኩ። ሰኔ ገባ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። በአራተኛው ቀን ሻጋታ ማውጣት ጀመረ። አክስቴ ጋ ኮምቦልቻ ወሰድኩትና ጥላ ውስጥ አንሶላ ላይ ዘረጋሁት። «ቤቴን የጠንቋይ ቤት አደረግኸው» አለችኝ፤ ግን በየቀኑ እያገላበጠች አደረቀችልኝ። ፈጨሁ። በ80 በመቶ ሜታኖል 72 ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ዘፈዘፍኩ። ከ800 ግራም ዱቄት 112 ግራም ኤክስትራክት፣ ማለት ሜታኖሉ ከቅጠሉ ያወጣው ነገር፣ ወጣ። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ሙጫ የሚለጠፍ። አምስቱን አይጦች ጨረስኩ። አንዷም አልሞተች። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ደወልኩ። «ጎበዝ። የቮቸር ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ።

የቮቸር ቁጥር የለኝም።

ቮቸር የምታውቂው ነው፤ ተክሉን የሚለይ ባለሙያ ጋ ተጭኖ የሚቀመጠው ናሙና። እኔም አውቀዋለሁ። ግን «በኋላ እወስደዋለሁ» ብዬ አሳደርኩት። የተረፈኝን ዱቄት በላስቲክ ይዤ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የመጀመሪያ ቀን ደብዳቤዬ «ለክፍሉ» ተብሎ በመጻፉ መለሱኝ፤ «ለኃላፊው» መባል አለበት። ሁለተኛ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ጋ ገባሁ። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው።

«ይሄ ምንድነው?»

«አዞ ሐረግ ነው ጋሼ። በሳይንሱ ስም ክሌማቲስ ሲመንሲስ።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፍ ላይ አይቼ…»

«ይሄ ሽሮ ነው። እኔ ሽሮ አልመዘግብም።»

አጠገቡ የነበረችው ልጅ ሳቀች። እኔ ላስቲኬን ይዤ ወጣሁ። ከደሴ ድረስ ስንት ሰዓት ተሳፍሬ መጥቼ! አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሰው በትምህርቱ እንዲህ አይዋረድም። የሚያንገበግበኝ ግን ሰውዬው ልክ መሆኑ ነው። የተፈጨ ቅጠል ማንም አይለይልሽም። አበባ ወይም ፍሬ፣ ግንድ፣ ቅጠሉ ግንዱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ መታየት አለበት።

እስከ ጥቅምት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተመልሼ ኩታበር ስሄድ አባባ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ቡና አስፈሉና ራሳቸው አጥሩ ጋ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያው እኔ በቆረጥኩበት ቦታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሁለቱም አሉ። ጠጉራሙ ክሌማቲስ ሂርሱታ ነው። ለስላሳው ሲመንሲስ። ማዳበሪያዬ ውስጥ የሁለቱ ቅልቅል ነበር ማለት ነው። 112 ግራሙ የማን ኤክስትራክት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። ደፋሁት። የአይጦቹንም መዝገብ ዘጋሁት። ከኪሴ ከ20 ሺህ ብር በላይ ሄዷል። አምስት ወሩን ተይው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከነአበባው ወይም ከነፍሬው፣ አንድ ክንድ የሚሆኑ ሦስት ቅርንጫፎች ቁረጪ። እዚያው ሜዳ ላይ በጋዜጣ መሀል ዘርግተሽ አንዱን ቅጠል ገልብጪው፣ ጀርባውም እንዲታይ። ካርቶን ከላይም ከታችም። ከዚያ በሁለት ጣውላ አጣብቀሽ በገመድ እሰሪው። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ አለበለዚያ ይጠቁራል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢ ስሙን ጻፊ። የአበባውን ቀለም ደግሞ ወዲያው ጻፊ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ለመፍጨት የምትሰበስቢው ከዚያው ከተለየው ተክል ብቻ ይሁን። ቁጥሩ እጅሽ ሳይገባ ወፍጮ እንዳትነኪ። ጓንትም አድርጊ!

ሁለተኛ ስሄድ ያው ሰውዬ ነበር። ናሙናውን ገለጠ፣ በማጉያ አየ፣ ቁጥር ጻፈልኝ። ስሜን አሳስቶ ነው የጻፈው። አላረምኩትም፣ ሮጬ ወጣሁ። ግን አንድም ቃል የሚያንቋሽሽበት አላገኘም። ዲፌንስ ላይም፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ፣ የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ የከፈተው ያንኑ ገጽ ነበር። ቁጥሩን አይቶ አለፈ። ከእኔ ጋር የቀረበው ልጅ እዚያው ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሟል።

ፈቃድ ላልሽው፣ ያስፈልጋል። የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 482/1998። የአባባ ዕውቀት የአባባና የአካባቢው ነው፤ ጥቅም ከተገኘበት ይካፈላሉ ይላል። ናሙና ወደ ውጭ ልትልኪ ካሰብሽ ደግሞ መጀመሪያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት። «ለትምህርት ነው፣ ማን ያየኛል» እንዳትዪ። የእንዶዱን ታሪክ አስታውሺ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጆቹ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ የመግደሉን ምርምር የጀመሩት። በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ተሸልመውበታል። በኋላ አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ለሌላ ጥቅም የፈጠራ ባለቤትነት አወጣበት። ልብስ አጣቢዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

አባባ እኔን ጠይቀውኛል። «ከዚህ ምን ይደርሰኛል?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም። ስማቸውን ምስጋና ገጽ ላይ ልጻፍ ስላቸው «ተወው፣ መንግሥት ግብር ይለኛል» ብለው ሳቁ። ጥራዙን ግን ወስጄ ሰጥቻቸዋለሁ። የልጅ ልጃቸው የአይጦቹን ፎቶ ስታሳያቸው ዋለች።

በይ፣ ተክል ስትመርጪ እዚሁ ጻፊልኝ። ጣውላዎቹ ከነገመዳቸው እቤት አሉ፣ ሥራ ፈተዋል። ሰኞ ገበያ ስትወርጂ ደውዪና ውሰጃቸው። ጋዜጣ ግን የራስሽን አምጪ።