ቀለሙ የጠፋበት ኤቼቬሪያ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ኤቼቬሪያዬን (በወፍራም ቅጠሎቹ ውሃ የሚያጠራቅመውን ተክል) ስገዛው ሮዝና ሐምራዊ ነበር። ሳሎን ካስገባሁት ወዲህ አረንጓዴ ሆነ፤ ግንዱም እየረዘመ ነው። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ብርሃን። ቅጠሉን የሚያቀላው አንቶሳያኒን የተባለ ቀለም ሲሆን፣ ተክሉ ይህን የሚሠራው ኃይለኛ ፀሐይና የሌሊት ቅዝቃዜ ሲያገኘው ራሱን ለመከላከል ነው። ጥላ ውስጥ መከላከያው አያስፈልገውም፤ ግንዱን እየመዘዘ ብርሃን ፍለጋ ይሄዳል።

በቀን ለ4 እስከ 6 ሰዓታት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ግን በአንድ ጊዜ አያውጡት። ከጥላ የመጣ ቅጠል ይቃጠላል፣ ጠባሳውም ቅጠሉ እስኪረግፍ አይለቅም። በጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል በማቆየት ጀምረው፣ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ጥቂት እየጨመሩ በ2 ሳምንት ያለማምዱት። ቀለሙ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ በዋናነትም በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ይታያል።

የረዘመው ግንድ ግን አያጥርም። በአልኮል በተጠረገ ስለት አናቱን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ግንድ አስከትለው ይቁረጡት። ቁስሉ እስኪደርቅ ከ4 እስከ 7 ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩትና ደረቅ አፈር ላይ ይትከሉት፤ ሥር ሲያወጣ ውሃ ይጀምሩ። ጉቶውን አይጣሉት፤ ከጎኑ ብዙ ጊዜ ቡቃያ ያወጣል።

ቀለም ለማምጣት ሲሉ ውሃ የሚነፍጉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ቅጠሉ ተጨማዶ የሚገኝ ቅላት ውበት አይደለም። ደግሞም በተፈጥሯቸው አረንጓዴ የሆኑ ዝርያዎች ምንም ያህል ፀሐይ ቢያገኙ ሐምራዊ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣው? የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው እየወደቁ ነው።

መልስ፦ ቀን ቆጥረው አያጠጡ። የእንጨት ስንጥር እስከ መትከያው ታች ይክተቱ፤ ደርቆና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ውሃው በቀዳዳው እስኪወርድ ያጠጡና ከሥር የተጠራቀመውን ይድፉ። ውሃው አፈሩ ላይ እንጂ አናቱ መሐል አይፍሰስ።

ቢጫው ቅጠል ልፍስፍስ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ስለሆነ ዛሬውኑ ነቅለው የጠቆረውን ሁሉ፣ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ። ከታች ያሉት ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ደርቀው የሚረግፉ ከሆነ እርጅና ነው፤ አያስቡ። ቅጠሉ ተጨማዶ ቢለሰልስ ደግሞ ጠምቶታል።

ጥያቄ፦ ውሃው እንዲወርድ ከመትከያው ሥር ጠጠር ባደርግስ?

መልስ፦ አያድርጉ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እርጥቡ ክፍል ወደ ሥሩ ይቀርባል። የሚረዳው ድብልቁ ነው፦ አንድ እጅ የችግኝ አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቅንጣት) ወይም ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)። መትከያው ቀዳዳ ይኑረው፤ ስፋቱም ከተክሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት ልጥረገው?

መልስ፦ አይንኩት። ከፀሐይ የሚከላከለው ሰም ነው፤ በተነካበት ቦታ ደህና አድርጎ አይመለስም። ነገር ግን ነጩ ነገር በቅጠሎቹ መገናኛ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ካዩ ሚሊባግ የተባለው ተባይ ነው። ተክሉን ከሌሎቹ ይለዩ፤ 70 በመቶ አልኮል በነከሩት የጆሮ ጥጥ ተባዩን ብቻ እየነኩ ያጥፉት። ይህን ምሽት ላይ ያድርጉት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ 3 ሳምንት ይድገሙት። ሥሩንም ይመልከቱ፣ እዚያም ይደበቃል።

ጥያቄ፦ ዥንጉርጉሩን ዝርያ ከቅጠል ማባዛት ይቻላል?

መልስ፦ ቅጠሉ ሥር ያወጣል፤ የሚወጣው ችግኝ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ አረንጓዴ ወይም አረንጓዴው ቀለም (ክሎሮፊል) የሌለው ነው፤ ሁለተኛው በሕይወት አይቆይም። ለዥንጉርጉሩ ከግንዱ ጎን የወጣውን ዥንጉርጉር ቡቃያ ይጠቀሙ። ለሌሎቹ ግን ቅጠሉን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ከነመሠረቱ ይንቀሉ፤ መሠረቱ ግንዱ ላይ ከቀረ ችግኝ አያወጣም። 3 ቀን አድርቀው አፈር ላይ ያጋድሙት፤ ሥር ሲታይ ውሃ በትንሹ ይርጩ። እናት ቅጠሉን ራሱ እስኪደርቅ አይንቀሉት፤ ችግኙ የሚመገበው ከሱ ነው።