ለአንድ ሳምንት የኔዘርላንድስ ጉብኝት አምስተርዳም ማደር ግድ ነው?

እህታችን፣ በሜይ ወር መጀመሪያ ከባለቤትዎና ከዘጠኝና ከስድስት ዓመት ልጆችዎ ጋር ለአንድ ሳምንት ወደ ኔዘርላንድስ እንደሚመጡ ገልጸው፣ አምስተርዳም ሆቴል ይዞ በኪራይ መኪና ከተሞቹንና ገጠሩን መዞር ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እኔ ዘንድ ስለሚያርፍም ይህን ጥያቄ ደጋግሜ መልሼዋለሁ። የእኔ ምክር አምስተርዳምን በቀን እንዲያዩ፣ ማደሪያዎን ግን ዩትሬክት እንዲያደርጉ፣ መኪናውንም ለአንድ ቀን ብቻ እንዲከራዩ ነው።

አገሪቱ ትንሽ ናት፤ የባቡር መስመሮቹም የሚገናኙት መሀል ላይ በምትገኘው በዩትሬክት ነው። ከዚያ አምስተርዳም ኢንተርሲቲ በሚባለው፣ በትልልቅ ጣቢያዎች ብቻ በሚቆመው ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሮተርዳም፣ ሌይደን፣ ዴልፍትና አርንሄምም ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱባቸው ናቸው። ዩትሬክት ራሷ ብትሆን ማደሪያ ብቻ አይደለችም። መሀል ከተማውን የሚያቋርጠው አሮጌ ቦይ ሁለት ደረጃ አለው፤ ላይኛው የእግረኛ መንገድ ሲሆን፣ ከሥሩ በውኃው ጠርዝ ልክ ሌላ መተላለፊያ ተዘርግቷል። በመካከለኛው ዘመን ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከጀልባ አውርደው በቀጥታ ወደ ምድር ቤታቸው የሚያስገቡት በዚህ በኩል ነበር፤ ዛሬ ምድር ቤቶቹ ካፌና ምግብ ቤት ሆነዋል። 112 ሜትር የሚረዝመው የዶም ግንብ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ ብቻውን መቆሙ የሚገርማቸው ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1674 የተነሣው አውሎ ነፋስ በመካከል የነበረውን የሕንፃ ክፍል ማፍረሱ ነው።

ስለ ባቡሩ ጥቂት ዘርዘር ላድርግ፤ እንግዶቼ ገንዘብ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነውና። ከ2023 ወዲህ በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በትራምና በሜትሮ የራስዎን የባንክ ካርድ ማንበቢያው ላይ አስነክተው መግባት ይችላሉ። ነገር ግን ሲወርዱም ማስነካት ግዴታ ነው፤ ካላስነኩ ከተጓዙበት ርቀት ጋር የማይመጣጠን ሒሳብ ይቆረጥብዎታል። እርስዎና ባለቤትዎ በአንድ ካርድ መጠቀም አይችሉም። በስልክዎ ገብተው በካርዱ ቢወጡም ሥርዓቱ እንደ ሁለት መንገደኛ ይቆጥርዎታል፤ ስለዚህ የጀመሩበትን ይዘው ይጨርሱ። በትንንሽ ጣቢያዎች መዝጊያ በር ስለሌለ ማንበቢያው በመድረኩ ላይ የቆመ ምሰሶ ብቻ ነው፤ ወሬ ይዞ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ከአንድ የባቡር ድርጅት ወደ ሌላው ሲቀይሩ ደግሞ ባቡሮቹ አንድ መድረክ ላይ ቢቆሙም በፊተኛው ድርጅት ምሰሶ መውጣት፣ በሁለተኛው መግባት ያስፈልጋል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲሆኑ ሬይልረነር የሚባል በጣም ርካሽ የቀን ቲኬት ስላለ ለልጆቹ እሱን ይግዙላቸው። መስኮቱ ላይ «ስቲልተ» የሚል የተጻፈበት ክፍል ጸጥታ የሚጠበቅበት ነውና ከልጆች ጋር አይግቡበት።

መኪና በከተሞቹ ውስጥ ሸክም ነው። በአምስተርዳም መሀል መኪና ማቆም በሰዓት ከ7 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ መንገዱም በመጀመሪያ የብስክሌት፣ ከዚያ የትራም፣ ከተረፈ የመኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን አገር ለመረዳት የሚሻ ሰው ግን ከሙዚየሞቹ አስቀድሞ ውኃውን ቢመለከት ይሻለዋል እላለሁ። አውሮፕላንዎ የሚያርፍበት የስኪፖል ሜዳ ራሱ እ.ኤ.አ. እስከ 1852 ድረስ የሐይቅ ወለል ነበር፤ በሦስት የእንፋሎት ፓምፕ ጣቢያዎች ተጠጥቶ የደረቀ ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ክሩክዊውስ ዛሬ በሃርለም አቅራቢያ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። በመጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ ግን አንድ የገጠር ግድብ አናት ላይ መውጣት የበለጠ ያስረዳል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል የመንደሩ ጣሪያ ይታያል፤ የውኃው ከፍታ ከሰዎቹ ሳሎን ይበልጣል። በተዳፋቱ ላይ በጎች ሣር ይግጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሥራ ላይ ናቸው፣ ሣሩን እያሳጠሩ አፈሩን በእግራቸው ይጠቀጥቃሉና።

መኪናውን የምመክረው በደቡብ ምዕራብ ላለው የደሴቶች አውራጃ፣ ለዜላንድ ነው፤ ደሴቶቹን በአውቶቡስ ማዳረስ ከልጆች ጋር ያደክማል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ ባሕሩ ግድቦቹን ጥሶ በኔዘርላንድስ 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ኦውወርኬርክ በምትባል መንደር የሚገኘው የጎርፉ ሙዚየም የተደራጀው ልዩ ሕንፃ ተሠርቶለት አይደለም፤ የመጨረሻውን ስንጥቅ ለመድፈን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በተቀበሩት አራት ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲነዱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀውን የኦስተርስኬልደ ባሕረ ሰላጤ የማዕበል መከላከያ ያገኛሉ። መጀመሪያ የታሰበው ባሕረ ሰላጤውን በድፍን ግድብ መዝጋት ነበር፤ ኦይስተርና መስል የሚባሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት የሚያረቡ ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች አጥብቀው ስለተቃወሙ፣ 62 በሮች ያሉት፣ በደህናው ቀን ክፍት ሆኖ ማዕበል ሲመጣ ብቻ የሚዘጋ ግድብ ተሠራ። በመንገዱ ላይ ዚሪክዜና ቬረ የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ለምሳና ለእግር ጉዞ ይበቃሉ።

የነፋስ ወፍጮ ለማየት ብዙ ሰው ለአምስተርዳም ቅርብ ወደሆነው ወደ ዛንሰ ስካንስ ይሮጣል፤ እኔ ኪንደርዳይክን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1740 አካባቢ የተሠሩ፣ ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገቡ 19 ወፍጮዎች በተሠሩበት ቦታ ቆመዋል፤ ሥራቸውም እህል መፍጨት ሳይሆን ከዝቅተኛው መሬት ውኃ ስቦ ወደ ላይ ማውጣት ነበር። ዛሬም ቤተሰብ የሚኖርባቸው አሉ። መሄጃው ከሮተርዳም በዋተርቡስ ጀልባ ስለሆነ ለልጆቹ መንገዱ ራሱ ጨዋታ ነው። በነገራችን ላይ፣ በላይነህ ዴንሳሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በዚሁ በሮተርዳም ነው፤ ለልጆችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። «መኪና የሌለባት መንደር» እየተባለች የምትወደሰው ኺትሆርን ግን ከመንገዱ ርዝመትና ከጎብኚው ብዛት አንጻር በአንድ ሳምንት ውስጥ ጊዜ የሚሰጣት አይመስለኝም።

ብስክሌትን ለገጠሩ ያቆዩት፤ የአምስተርዳም መንገድ መለማመጃ አይደለም። ገጠሩ ውስጥ የብስክሌት መንገዶቹ መገናኛዎች ሁሉ ቁጥር ስላላቸው የሚሄዱባቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፎ ምልክቱን መከተል በቂ ነው። የሚያስቸግረው አቀበት ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው፣ ልጆቹ ሲደክሙ ከኋላ እየገፋ እንዲመልሳችሁ አድርጎ መንገዱን ማቀድ ብልህነት ነው። ብዙዎቹ የኪራይ ብስክሌቶች ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚቆሙ ስለሆኑ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ ይሞክሯቸው። ለጀማሪ ቤተሰብ ከሁሉ የሚመቸው በአርንሄም በኩል የሚገኘው የሆኸ ፌሉወ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የመግቢያ ቲኬት የያዘ ሁሉ ነጭ ብስክሌት ያለ ኪራይ ያገኛል፣ የልጆች መጠንም አለ፤ ጫካው መሀል ያለው የክሮለር ሙለር ሙዚየም ደግሞ ከአምስተርዳሙ የቫን ጎኽ ሙዚየም ቀጥሎ ትልቁን የዚህን ሆላንዳዊ ሠዓሊ ሥራዎች ስብስብ ይዟል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተደብቃ የዕለት ማስታወሻዋን የጻፈችውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአን ፍራንክን የአምስተርዳም ቤት ማየት ከፈለጉ ቲኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሚኖረው ጉብኝት ይከፈታል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ስለዚህ ቀናችሁን ከወዲሁ ቆጥረው ይጠብቁት። ሜይ 4 እዚሁ የምትሆኑ ከሆነም፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ለጦርነት ሰለባዎች ሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላል፣ ትራሙ ሳይቀር ይቆማል፤ ልጆቹ እንዳይደናገጡ ቀድመው ይንገሯቸው።