ማመንጫው እስኪገነባ አትጠብቂ

አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ጽፋልኛለች፦ «ፊዚክስ ተመርቄ ስምንት ወር ሆነኝ። አገራችን የኒውክሌር ማመንጫ ልትገነባ ነው ከተባለ ወዲህ ልቤ የጨረራ ደህንነት ላይ ነው፤ በተለይ በማመንጫ ዙሪያ የሚከለለው ቀጠና። አጎቴ ግን ‹ከዚራ ተቀምጠሽ ስለ ኒውክሌር! ደግሞ እዚያ የሠራ ዕድሜው አጭር ነው› ይለኛል። ልተወው? አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እናገራለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚጠቅም አይመስለኝም።»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጎትሽን እናረጋጋ። ሁላችንም ከአፈሩ፣ ከድንጋዩና ከሰማዩ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረራ መለኪያ ነው) ጨረራ እናገኛለን። ለጨረራ ሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ፣ ከዚህ ሌላ፣ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ነው። ለሕዝቡ ደግሞ 1። ገደቡ ከተከበረ አጎትሽ የሚሰጉበት ነገር የለም። ካልተከበረስ? አንቺ የምትቀጠሪው ለዚያ ነው።

ወደ ቀጠናው ልምጣ። ብዙ ሰው አጥር ብቻ ይመስለዋል። አፍሪካ ውስጥ ዛሬ የሚሠራው ብቸኛ ማመንጫ፣ የደቡብ አፍሪካው ኮበርግ፣ ዙሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የሜዳ አህያ ይግጥበታል። የዩክሬኑ ቼርኖቢል ማመንጫ የ30 ኪሎ ሜትር ቀጠና የተሰመረው በ1978 ዓ.ም. አደጋው ከደረሰ በኋላ ነበር። አሁን አስቀድሞ ነው የሚሰመረው። ለትልልቅ ማመንጫዎች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ሰው ጨረራው ሳይወጣ እንዲነሣ ይታቀዳል፤ እስከ 15 ወይም 30 ድረስ ሌላ ዕቅድ አለ። ከዚያም ወዲያ ወተት አለ።

አዎ፣ ወተት። አዮዲን 131 የሚባለው፣ በአደጋ ጊዜ ከማመንጫው የሚወጣ ጨረራ አመንጪ ነገር፣ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ሕፃኑ ይጠጣዋል፣ እንቅርት የሚወጣበት ዕጢ ላይ ይከማቻል። የቼርኖቢል ሕፃናት በዋናነት የተጎዱት በዚህ መንገድ ነው። ነገሩ በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ወተቱን ለጥቂት ወራት አለመጠጣት ብዙ ልጅ ያድን ነበር። እስቲ ከሽንሌ በኩል የግመል ወተት ይዘው የሚመጡትን እናቶች አስቢ። «ዛሬ አትሽጡ» የሚላቸው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ? አቦ፣ የናቅሽው ነገር እኮ ትልቁ ሀብትሽ ነው!

አደጋ ከተነሣበት ርቆ ሰው እንደሚጎዳ ድሬ በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አይታዋለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ያለቀው ግን ታች፣ ወንዙ ዳር። የቀጠና ሥራ ካርታ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሥራው ነገር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል፤ ከፊርማ እስከ ኃይል ማመንጨት ግን ዓመታት ያልፋሉ። እሱን ተስፋ አድርገሽ ቤት እንዳትቀመጪ። ጨረራ ዛሬም ከተማሽ ውስጥ አለ። ራጅ ክፍሎች አሉ። መንገድ ሥራ ላይ የአፈሩን ጥቅጥቅነት የሚለካው ሣጥን ውስጥ ሲዚየም የሚባል ጨረራ አመንጪ ነገር አለ።

አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ራጅ ባለሙያውን «ዶዚሜትርህ የታለ?» አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ከእስክሪብቶና ከብስኩት መሀል አወጣልኝ። ደረት ላይ ተሰክቶ የሰውየውን ጨረራ መቁጠር የነበረበት ባጅ የመሳቢያውን ሲቆጥር ከርሟል። ያንን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል፤ ማዕረጉም የጨረራ ደህንነት ኦፊሰር ነው።

ስለዚህ ለሆስፒታልና ለመንገድ ተቋራጭ ማመልከቻ አስገቢ፤ መጀመሪያ በረዳትነት ቢሆንም ግቢ። በጨረራ ምንጭ ላይ ፈቃድና ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው፤ ማስታወቂያውን ተከታተይ። ሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ይደርሳል። ሲቪሽ ላይ ደግሞ ሦስቱን ቋንቋ ከታች አውጥተሽ ከስምሽ ሥር አድርጊልኝ።