ሠላሳኛው ገጽ ላይ የሚቆመው እጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጭንቀት የተያዙ ናቸው፦ መጻፍ ይጀመራል፣ መሐል ላይ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ሥራው ይቆማል። አራቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ረጅም ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ገጽ 30 አካባቢ ስደርስ ከመጀመሪያው መልሼ አነበዋለሁ፤ ያስጠላኛል፤ እቀደውና እንደ አዲስ እጀምራለሁ። እስካሁን አምስት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ተሰጥኦ ቢኖርህ ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር» አለኝ። እኔም ወደማመኑ ነኝ። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። አምስት ጊዜ 30 ገጽ 150 ገጽ ነው። ይህን ያህል የጻፈ ሰው እጁ መጻፍ ይችላል። የተበላሸው የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

አምስቴ የጻፉት መጀመሪያ አምስቴ ታሽቷል። ገጽ 31 ግን ገና ትናንት የተወለደ ጥሬ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቧቸው ጥሬው ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ የተጋገረ እንጀራን ካልቦካ ሊጥ ጋር እንደማወዳደር ነው። ደግመው በጀመሩ ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ መጀመሪያው የባሰ ይጠራል፣ ቀጣዩ የባሰ ያሳፍርዎታል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ረቂቁ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያነቡት የትናንቱን አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ እሱንም የት እንዳቆሙ ለማስታወስ ያህል።

ሌላው ምክንያት ታሪኩ ውስጥ ነው። እስከ ገጽ 30 ድረስ ሰፈሩን በማሳየትና ሰዎቹን በማስተዋወቅ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ሰው አንድ ነገር መወሰን አለበት። ደራሲው ውሳኔውን ካላወቀው እጁ ይቆማል፤ መቆሙን ደግሞ የተሰጥኦ ማነስ አድርጎ ይተረጉመዋል። አንድ ባዶ ወረቀት ያውጡና ሦስት ነገር ይጻፉበት፦ ሰውየው በዚህ ሳምንት የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚከለክለው ማን ነው? ካላገኘው ምን ያጣል? መልስዎ «ደስታ»፣ «ኅብረተሰቡ»፣ «ተስፋውን» ዓይነት ከሆነ ገና ነው። «የአባቱን መሬት»፣ «ታላቅ ወንድሙ»፣ «እስከ ሰኔ 30 ካልከፈለ ቤቱን» እስኪሆን ድረስ ይግፉት። ያን ጊዜ ገጽ 31 የሚጻፍ ነገር ያገኛል።

የዕለቱ ሥራ እንዲህ ይሁን። ደብተሩን ሲዘረጉ በቀኙ ገጽ ላይ ብቻ ይጻፉ፤ ግራው ባዶ ይቆይ። መጻፍ ላይ ሳሉ «እህቱን ቀደም ብዬ ማስተዋወቅ ነበረብኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግራው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ያስፍሩትና እህቱ አስቀድማ እንደተዋወቀች ቆጥረው ይቀጥሉ። ተመልሰው አያስተካክሉ። የሰው ወይም የቦታ ስም ቢጠፋዎት × አድርገው ይለፉ። መጠኑ በቀን አንድ ገጽ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። አንድ የደብተር ገጽ እንደ እጅ ጽሑፍዎ ከ120 እስከ 180 ቃል ይይዛል፤ 150 ብንል በወር 20 ገጽ፣ በአሥር ወር 200 ገጽ፣ ማለትም 30 ሺህ ቃል ያህል ይሆናል። ቀጠን ላለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይበቃል። አንድ ቀን ካመለጠዎት በማግስቱ ሁለት ገጽ ለመጻፍ አይሞክሩ። ዕዳ የሚያከማች ሰው በሳምንቱ አምስት ገጽ ይቆለልበታል፤ ከዚያ ደብተሩን ማየትም ይፈራል። ያመለጠው አመለጠ፤ የዛሬው አንድ ገጽ ነው።

የቀኑን ገጽ ሲጨርሱ ዓረፍተ ነገሩን አጋምሰው ይነሡ። ነገ ሲቀመጡ የሚቀጥሉት የተጀመረ ነገር ስላለ ባዶ ገጽ ላይ አያፈጡም። ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ መገልበጥም ረቂቁ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ፊደል ሲለቅሙ ማረምዎ አይቀርም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአራት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይተዉት። ከዚያ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሦስት ጊዜ ያንብቡት፤ በመጀመሪያው የታሪኩን ፍሰት ብቻ፣ በሁለተኛው ሰዎቹን፣ በመጨረሻው ቋንቋውን ይመልከቱ። ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማረም የሚሞክር ሰው ኮማ ሲያስተካክል ውሎ ኋላ የሚጥለውን ምዕራፍ ያሳምራል።

ቋንቋው ላይ «ጽሑፌ ደረቅ ነው» የሚለው ስሜት ብዙ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ቃል ይመጣል። ይህን ይመልከቱ፦

«አልማዝ በጣም አዝና ነበር። ልጇ ሄዶ ነበር። ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ቡናውም ቀዝቅዞ ነበር።»

አራቱም ዓረፍተ ነገር «ነበር» ላይ ወድቋል። ጆሮ ይሰለቻል፤ ከዚያም በላይ ሁሉ ነገር እኛ ሳንደርስ ያለቀ ይመስላል፤ ዓይናችን ፊት የሚሆን ነገር የለም። አሁን ደግሞ ይህን፦

«አልማዝ ሁለት ስኒ ቀዳች። አንዱን ልጇ ይቀመጥበት ከነበረው ዱካ ፊት አኖረችው። ሲቀዘቅዝ ደፋችውና ስኒውን አጥባ ረከቦቱ ላይ መለሰችው።»

ሐዘን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። በረቂቁ እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ነበር»ን በእርሳስ ያክብቡ፤ ከአምስት በላይ ሆኖ ሲያገኙት ግማሹን እጅና እግር ባለው ግሥ ይለውጡት። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው፤ ማንም ይማረዋል።

ጓደኛዎ ያሉትን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቦታ ይጠቁማል፦ «ምዕራፍ ሦስት ላይ ወንድምየው ያለ ምክንያት ተቆጣ» ይላል። እሱን ይስሙት፣ ግራው ገጽ ላይ ይጻፉት። ሌላው ሰውን ነው የሚጠቁመው፦ «አንተ አትችልም» ይላል። በእሱ ምንም ሊሠሩበት አይችሉም፤ «የት ላይ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ወደ ገጽዎ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ኩዌት በሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል አገኛለሁ፤ ስልኬ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግን ሳነበው ያነክሳል፤ የሰው ግጥም እንደሚፈስሰው አይፈስስም። ትምህርቴንም ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ለግጥም የሚሆን ጭንቅላት የለኝም ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ማንከሱን ጆሮዎ ከሰማው ዋናው ነገር አለዎት ማለት ነው። የላኩልን ስንኝ ይኸው፦

«ከሥራ ስመለስ የቤታችን መብራቱ ይታያል»

በጣት እንቁጠረው። የአማርኛ ግጥም የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በአፍ በሚሰማው ቀለም፣ ማለትም በድምፅ ቁራጭ ነው። ድምፅ የሌለው ሳድስ (በ«ስመለስ» መጨረሻ እንዳለው «ስ») ብቻውን አይቆጠርም፤ ከፊቱ ካለው ጋር ይዋጣል። «ከ-ሥ-ራ ስም-መ-ለስ» ስድስት ነው። «የ-ቤ-ታ-ችን መብ-ራ-ቱ ይት-ታ-ያል» ግን አሥር ሆነ። ግማሹ ስድስት፣ ግማሹ አሥር፤ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። ወል ቤት የሚባለውና ብዙው የአማርኛ ግጥም የሚሄድበት ምጣኔ 6 እና 6 ነው፤ መሐሉ ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል። «የቤታችን» የሚለውን ቢያወጡት፣ ከደብዳቤዎ ላይ ደግሞ ስለ እናትዎ ሳል የጻፉትን ብንጨምርበት፦

ከሥራ ስመለስ፣ መብራቱ ይታያል፤
የናቴ ሳል ደግሞ፣ ከሩቁ ይለያል።

መጀመሪያ እንደመጣልዎት ይጻፉ፤ በዚያ ሌሊት አይቁጠሩ። በማግስቱ ማታ እያንዳንዱን ግማሽ በጣትዎ እየመቱ ይቁጠሩ። ስድስት ያልሞላውን ወይም ያለፈውን ምልክት ያድርጉበት። በአንድ ማታ ሁለት ስንኝ ማቃናት ለ20 ደቂቃ በቂ ነው። ፈጠን የሚል ነገር ከፈለጉ 5 እና 5 የሚሄደው ሰንጎ መገን አለ፤ ወል ቤቱን ጆሮዎ ከለመደ በኋላ ይሞክሩት። ቤት ሲደፉ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ተነባቢውም ድምፁም ይግጠም፤ «ል» ከ«ል»፣ «ታ» ከ«ታ»።

ቀን ሥራ ላይ ሳሉ ስንኝ ቢመጣልዎትና መጻፍ ባይችሉ በሆድዎ ዜማ ሰጥተው ይደጋግሙት፤ ዜማ ያለው ቃል እስከ ማታ አይጠፋም። ሌላው ጥንቃቄ፦ ግጥሞቹ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጡ። ስልክ ይሰበራል፣ ሥራ ሲቀየርም ሊወሰድ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ለሚያምኑት ወንድም ወይም እህት ይላኩና አገር ቤት ደብተር ላይ እንዲገለብጡልዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጭር ልብ ወለዴን ለሦስት ጓደኞቼ ሰጠኋቸው። አንዷ «አሪፍ ነው» ብላ ዝም አለች፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ መጨረሻውን ቀይሪው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ አላነሣሁም።

መልስ፦ ሦስቱን የጠየቅሽው «እንዴት ነው?» ብለሽ ይመስለናል። ለዚህ ጥያቄ ሰው የሚመልሰው ስለ ጽሑፉ ሳይሆን ስለ ወዳጅነታችሁ ነው። ከአሁን በኋላ ከ10 ገጽ ያልበለጠ ስጪ፤ እርሳስም አብረሽ ስጪ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ያልገባህ መስመር የቱ ነው? ሰልችቶህ ስልክህን ያነሣኸው የት ላይ ነው? ካነበብከው በሁለተኛው ቀን ምን ትዝ አለህ? ምልክቱን ጽሑፉ ላይ ያድርጉልሽ።

ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ እዚያ ችግር አለ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ለሳምንት አሳድሪው። አንባቢ የታመመውን ቦታ ያውቃል፣ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «መጨረሻውን ቀይሪው» ስትልሽ ምናልባት መጨረሻው ደህና ሆኖ ወደዚያ የሚያደርሰው ገጽ ተዘሎ ይሆናል። ከመጨረሻው በፊት ያሉትን ሁለት ገጾች መልሰሽ እዪ። የሳቀውን ደግሞ የት ላይ እንደሳቀ ጠይቂው። ያልጠበቅሽው ቦታ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን አንብቢለት፤ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ቃል ታገኚበታለሽ። ረቂቁ ሳያልቅ ግን ለማንም አትስጪ፤ ግማሽ ሥራ ላይ የተሰጠ አስተያየት ቀሪውን ግማሽ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነርስ ነኝ፤ 51 ዓመቴ ነው። ልጆቼ አድገዋል። አሁን ልብ ወለድ ልጀምር ብል ሰው አይስቅብኝም?

መልስ፦ ሀዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው፣ ኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለው፣ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። እርስዎም በነርስነት ሌሊት ተረኛ ሆነው ያዩትን፣ የሰሙትንና የነኩትን ወጣት ደራሲ ፈልጎ አያገኘውም። የታካሚ ስምና የሚያስለይ ምልክት ግን ወደ ደብተርዎ አይግባ፤ ዕድሜውን፣ ከተማውንና ሕመሙን ሦስቱንም ይቀይሩ። ከዚያ ከተረኝነት የሚወጡበትን ቀን ትተው በሚቀጥለው ጠዋት፣ እንቅልፍ ከጠገቡ በኋላ፣ የመጀመሪያውን አንድ ገጽ በቀኝ በኩል ይጻፉ።